ለውጭ አገልግሎት ብቻ

ጥር 14

እታለም፣

በዚህ ከተማ የእኔን ያህል ፈጥኖ ማንበብና መጻፍ የተማረ ሰው የለም። እሺ፣ ከተማው ይቅር፤ በዚህ ፋብሪካ የለም። ፋብሪካውም ቢሆን ጎበዝ አያጣም፤ በቦይለር ክፍሉ እንበል። በቦይለር ክፍሉ ያለነው ደግሞ እኔና ድመቷ ብቻ ነን፤ እሷም ጋዜጣ ላይ ስትተኛ ዓይኗ መስመር የሚከተል ስለሚመስለኝ እጠረጥራታለሁ።

ያለፈውን ደብዳቤ ማን ጻፈልህ ብለሽ መጠየቅሽ ቅር ብሎኛል፤ ደስም ብሎኛል። ራሴ ነኝ። ከዚያ በፊት የነበሩትን ይጽፍልኝ የነበረው ዘበኛው ነው። «በናፍቆትሽ እንባ እየታጠብኩ» የሚለው የእሱ ጭማሪ ነው። እኔ በእንባ ታጥቤ አላውቅም፤ እዚህ ሳሙና ሞልቷል።

ምን እንደምንሠራ ለጠየቅሽው፦ ላቬንደር ነው። «ቬ»ን ታውቂያታለሽ? «ቤ» ናት፤ ባርኔጣ ደፍታ ውጭ አገር ልትሄድ የተነሳች። አበባው ሐምራዊ ነው፤ ሴቶቹ ከነአገዳው አጭደው በጋሪ ያመጡታል፤ ትልቁ በርሜል ውስጥ ይጠቀጠቃል፤ እኔ ከታች እንፋሎት እለቅበታለሁ። እንፋሎቱ አበባውን አልፎ፣ በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ በተጠመጠመ ቱቦ ሄዶ፣ ጠብ ጠብ ይላል። ውሃው ከታች፣ ዘይቱ ከላይ። አንድ ጋሪ ሙሉ አበባ ገብቶ የሚወጣው አንድ ጠርሙስ ቢሞላ ነው። ያቺን ጠርሙስ ለመሙላት እኔ የማፈሰው ላብ ግን ባልዲ ነው፤ ለዚህ ነው መጀመሪያ ስሙን ስጽፈው «ላብ እንደር» ብዬ የጻፍኩት። የማታ ትምህርት መምህርታችን በቀይ እስክሪብቶ ሰረዙት፤ እኔ አሁንም ልክ ነኝ እላለሁ።

ስለዚህ አበባ የማያወሩት የለም። ስሙ ራሱ በአንድ የጥንት ቋንቋ «ማጠብ» ከሚል ቃል መጣ ይባላል፤ የድሮ ሰዎች መታጠቢያ ቤት ውሃው ላይ ይበትኑት ነበር። ወረርሽኝ በገባበት ዘመን ደግሞ በየቤቱ ያጨሱት ነበር። ጓንት ሰፊዎች ቆዳውን በዘይቱ ስለሚያሹ በሽታው እነሱን ዘለላቸው የሚል ወሬ አለ። መምህርታችን ይህንን ሲያነቡልን «በሽታውን የሚያዛምተው ቁንጫ ሽታውን ጠልቶ ይሆናል» አሉ። እኔ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለቱንም ኪሴን በአበባ ሞልቼ ነው የምሄደው። ሞት ቢመጣ አስነጥሶት ይመለሳል።

ላንቺ ብቻ የምነግርሽ ነገር አለ። የቦይለሩ መለኪያ ላይ ቀይ ቦታ አለች፤ መርፌው ወደዚያ ሲጠጋ ድሮም እቀንሰው ነበር። አሁን አጠገቧ «አደጋ» ተብሎ መጻፉን አነበብኩ፤ ከዚያ ወዲህ መርፌው ገና ከሩቅ ሳለ እቀንሰዋለሁ። መማር ይህ ከሆነ፣ ሳያውቁ አብረውት የኖሩትን ነገር እያነበቡ መፍራት ነው።

ልጅሽ እንቅልፍ እምቢ አለች ያልሽውን አልረሳሁም። ለእሱ መድኃኒቱ በእጄ ነው።

ወንድምሽ፣ በገዛ እጁ

ጥር 28

ወንድምዓለም፣

መስመርህ ዳገት እየወጣ ቢያስቸግርም አንብቤዋለሁ። የጻፍከውን እንደ ልማዴ ግማሹን ለነፋስ ትቼ ግማሹን ወስጃለሁ። ድመቷን ግን ሙሉዋን አምኛለሁ።

ባሌ ደህና ነው። ድልድዩ ግንባታ ላይ ነው የሚውለው የሚያድረው፤ ወደ ካምፑ የሚመጣው ቅዳሜ ቅዳሜ ነው። ለምን አትደውይም ብለህ ቅር እንዳትሰኝ። እዚህ ስልክ የለም። ያለው የኩባንያው ሬዲዮ ነው፤ እሱም ለሲሚንቶ ነው። አገሩም የሰው፣ ቋንቋውም የሰው። ጎረቤቴ ሰላም ስትለኝ ራሴን ነቅንቄ ነው የምመልሰው።

ስለ ልጅቷ ለጠየቅኸኝ፣ እውነቱን ልንገርህ። ስታለቅስ አልፈራም፤ አለች ማለት ነው። ስትተኛ ነው የምፈራው። የፊተኛው ልጄ ተኝቶ እንደቀረ ታውቃለህ። ትንሽ ዝም ስትል ጎንበስ ብዬ ትንፋሽዋን አዳምጣለሁ፤ ያን ጊዜ ትነቃለች። እንዲህ ሆነን ስንት ጊዜያችን። ትናንት እሷን ታቅፌ ምድጃው አጠገብ ቆሜ እንቅልፍ ወሰደኝ። ስነቃ ቀሚሴ ጫፉ ተለብልቧል። ለባሌ አልነገርኩትም፤ አንተም እንዳትነግረው።

ስለዚህ ያልከው ነገር ካለ ላክልኝ። ሐኪም የለንም፤ ቁስል የሚያጥብ አንድ ድሬሰር ብቻ ነው ያለው። 

እህትህ

የካቲት 9

እታለም ዓለሜ፣

ደብዳቤሽ እንደደረሰኝ ወዲያው ነው የተነሳሁት። ፖስታው ድንበር የሚሻገረው በሳምንት አንዴ ስለሆነ እንዳያመልጠኝ ብዬ ይቺን በጥድፊያ ነው የምጽፋት።

ዕቃውን ስትፈቺ ከላይ የምታገኚው ትንንሽ ከረጢቶች ናቸው። ልብስ ሳጥን ውስጥ ጣያቸው፤ ብል አይደርስም። ትልቁ ከረጢት ለትራስሽ ነው። አበባው ተፈጭቷል፤ ራስሽን ስታሳርፊ ይሸትሻል፤ እዚህ ሴቶቹ ራስ ምታትም ያስታግሣል ይላሉ። ሳሙናው ለባልሽ ነው፤ ድልድዩን ከላዩ ላይ ያጥብ።

ከታች በጨርቅ የጠቀለልኳት ትንሽ ጠርሙስ የልጅቷ ናት። ይቺ የዋዛ ዘይት እንዳትመስልሽ። ጽሑፏን ራሴ ነው ያነበብኩት፤ ማንም ሳይረዳኝ፣ ሦስቱንም ቃል። «ለውጭ አገልግሎት ብቻ» ይላል። ገባሽ? ለውጭ አገር ብቻ። ለእኛ ለአገር ውስጦቹ አትገባም፤ ምርጡ ተለይቶ ለውጭ ሰው ይሄዳል። አንቺ ደግሞ ይኸው ውጭ አይደለሽ። ለአንቺ የተሠራች ናት ማለት ነው።

የፋብሪካውን ወረቀት በራሴ ወረቀት ሸፍኜዋለሁ፤ የእጅ ጽሑፌን በየቀኑ እንድታዪው ብዬ ነው። «ለእንቅልፍ» ይላል።

እንዴት እንደሚሰጥ፦ ከሻይ ማንኪያ ግማሹን፣ ለብ ባለ ወተት። እንዳትፈሪ። ጋሽ መጋዘን የምንላቸው የመጋዘን ጠባቂያችን ሰባት ልጆቻቸውን ያሳደጉት በዚህ ነው። ሰባቱም እንደ ድንጋይ ይተኙ ነበር፤ ዛሬ ሰባቱም በር ሲገቡ ጎንበስ የሚሉ ናቸው።

ወንድምሽ፣ ያንቺ ሐኪም

የካቲት 11

እታለም፣

ጠርሙሷን አትስጫት። ሌላውን ሳታነቢ ይህንን አንብቢ። ለልጅቷ አትስጫት፤ አንቺም አትቅመሻት፤ ከፍ ያለ ቦታ አስቀምጫት፤ ወይም ድፊያት።

አሁን ልንገርሽ። መምህርታችን ከየሥራችን አንድ ጽሑፍ ይዘን እንድንመጣ አዘውን ነበር። ሌላው «መውጫ»፣ «አትንካ» እያለ ሲያነብ እኔ ደረቴን ነፍቼ ተነሳሁ። «ለውጭ አገልግሎት ብቻ» አልኩ። መምህርታችን «ጎሽ፤ ምን ማለት ነው?» አሉኝ። አስረዳኋቸው። ስለ አንቺም ነገርኳቸው፤ እህቴ ውጭ ናት አልኩ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ነገር ያሳመርኩ መስሎኝ አብሬ ሳቅሁ።

ያልሳቁት ጋሽ መጋዘን ብቻ ናቸው። ከኋላ ወንበር ተነስተው «አንተ ልጅ፣ ውጭ ማለት ቆዳ ነው» አሉኝ።

«ምን?»

«የሰውነት ውጭ። ይቀባል፤ አይጠጣም። ከሥሩ በትንንሹ ተጽፎ የለም እንዴ?»

ከሥሩ የተጻፈውን አላነበብኩትም፤ ፊደሉ ደቃቃ ነበር። ከላዩ ላይ ደግሞ የገዛ ወረቀቴን ለጥፌበታለሁ። አንቺ ማንበብ የምትችይ ሰው፣ አይተሽው ቢሆን ኖሮ በአንድ እይታ ትረጂው ነበር። ዓይንሽን የሸፈንኩት እኔ ነኝ።

ሕፃን ቢጠጣው ምን ይሆናል ስላቸው፣ «ላክኸው እንዴ?» አሉኝ። ከክፍሉ ወጥቼ ይቺን መጻፍ ጀመርኩ።

ስለ ሰባቱ ልጆች። ጋሽ መጋዘን ልጅ የላቸውም። አግብተውም አያውቁም። እንድታምኚኝ ብዬ ነው የፈጠርኳቸው፤ ሰባት ያደረግኋቸው ደግሞ አምስት ስላነሰብኝ ነው። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም የሚሉት ለእኔ ነው።

ይህ ደብዳቤ ከዕቃው በኋላ ነው የሚደርስሽ። አውቃለሁ። ብቻ ምናልባት ዕቃው ኬላ ላይ ቢያዝ ብዬ ነው። ቢያዝ፣ ቢሰረቅ፣ ወንዝ ቢገባ ብዬ ነው።

የካቲት 15

እታለም፣

ያው ነገር ነው፤ ያኛው ቢጠፋ ይህኛው እንዲደርስሽ ብዬ አበባ በሚጭነው ሾፌር በኩል ነው የምልከው። ጠርሙሷን አትስጫት። አይጠጣም። ይቀባል እንኳ ቢሉ ለሕፃን አትቀቢ።

ባልሽ የሚሠራበት ኩባንያ እዚህ ከተማ ቢሮ እንዳለው ትዝ ብሎኝ ሄድኩ። የሥራ ልብሴን እንደለበስኩ ነው የገባሁት፤ ጸሐፊዋ መስኮት ከፈተች፤ ላቬንደር የሸተተው ሰው መስኮት ሲከፍት ያን ቀን አየሁ። ለካምፑ በሬዲዮ አንድ ቃል አስተላልፊልኝ አልኳት።

«ሬዲዮው ለዕቃና ለሞት ብቻ ነው» አለችኝ።

«ለሞት ነው» አልኳት።

«ማን ሞተ?»

«ገና ነው።»

አየችኝ። ወንበር ሰጠችኝ። ሁሉንም ነገርኳት። ቀልድ አልጨመርኩም፤ ብትጠይቂያት ትመሰክራለች። በወረቀት ጻፈችው፤ እኔም አጠገቧ ቆሜ ቃል በቃል አነበብኩት፤ «አይጠጣም» የሚለው መኖሩን በጣቴ እየነካሁ። ግን እናንተ ጋ ያለውን የሬዲዮ ማማ ነፋስ ጥሎት እስኪጠገን አይሰማም አለችኝ። በየሰዓቱ እሞክራለሁ ብላኛለች። ደግ ፊት አላት። ደግ ፊት ማማ አያቆምም።

ሰላም ስላላልኩሽ ይቅር በይኝ። የሰላምታውን ቃል ጀምሬ ሰረዝኩት።

የካቲት 20

ወንድሜ፣

ዕቃው ደረሰልኝ። ገና ሳልፈታው ቤቱን አወደው፤ ጎረቤቴ ሳይቀር መጥታ አፍንጫዋን እያሳየች ሳቀች። በዚህ አገር ስኖር ከሰው ጋር የሳቅሁት ይህ የመጀመሪያዬ ነው። አንድ ከረጢት ሰጠኋት፤ ደረቷ ውስጥ ወሸቀችው።

ትራሱን ጋደም ብዬ ሞከርኩት። ትንሽ አሸለበኝ፤ ሕልምም አየሁ። ሕልሙን አልነግርህም፤ ፊተኛው ነበረበት። ግን ደህና ነበር፤ ወፍሮ ነበር።

ጠርሙሷ ላይ የለጠፍከውን አነበብኩት። «ቅ»ህ እግር የላትም፤ ግድየለም፣ ትተኛለች እንጂ አትሄድ። እውነቱን ለመናገር ፈራ ተባ እያልኩ ነው። ሽታው ለሕፃን ሆድ ከበድ ይላል። ባሌ ቅዳሜ እስኪመጣ ልጠብቅ አልኩና፣ ደግሞ እሷ ከጠዋት ጀምሮ እያለቀሰች ነው፤ ድምጿ ሰልሏል። የሽማግሌው ሰባት ልጆች ካደጉበት የእኔዋ አንዷ ምን ትሆናለች።

ዛሬ እጀምራለሁ።

እህትህ

የካቲት 30

እታለም፣

ደብዳቤሽ ደረሰኝ። ከአሥር ቀን በፊት የተጻፈ ነው። ያን ቀን ምን እንደሆነ አንቺ ታውቂዋለሽ፤ እኔ አላውቅም።

እኔ ፊደል በፊደል ነው የማነበው፤ ስለዚህ ክፉ ወሬ በአንዴ አይገባብኝም። «እ» አልኩ። «ጀ» አልኩ። እዚያ ላይ ቀለበቷን ረስተሽው ከሆነ «እጄ» ሊሆን ይችል ነበር፤ እጄን አመመኝ ልትዪ ይሆናል ብዬ ተስፋ አደረግሁ። ከዚያ «ም» መጣች። «ራ» ስትመጣ ወረቀቱን አጠፍኩት። የቀሩትን ሁለቱን ፊደሎች ያነበብኳቸው ምሳ ሰዓት ነው።

ጸሐፊዋ ጋ በየቀኑ እሄዳለሁ። ማማው ተጠግኗል፤ መልእክቱም ተላልፏል ትላለች። መቼ ተላለፈ ስላት ቀኑን ሌላኛው ሠራተኛ ነው የሚያውቀው፤ እሱም ፈቃድ ላይ ነው። መልስ አለ ወይ ስላት ካምፑ ስለ ሲሚንቶ ብቻ ነው የመለሰ አለችኝ። ይህ ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ? ሬዲዮው ለሞት ከሆነ፣ ዝም ማለቱ ጥሩ ነው ብዬ አሰብኩ። ደግሞ ለእኔ የሚነግሩበት ምን ምክንያት አላቸው ብዬ አሰብኩ።

ጋሽ መጋዘን አይቀርቡኝም ነበር፤ አሁን ምሳ አብረውኝ ይበላሉ። ትናንት እጄን በቱቦው አቃጠልኩት፤ ዘይት አምጥተው ቀቡልኝ። «ለዚህ ነው የሚሆነው» አሉኝ፤ ሊያጽናኑኝ ነው። እኔ ግን ሽታው አልመጣልኝም። እዚህ ሁሉ አበባ መሐል ቆሜ ምንም አይሸተኝም። ቀድሞ ኪሴ የነበረውንም ደፍቼዋለሁ። ጓንት ሰፊዎቹ ተርፈው ይሆናል፤ ዘይት የላኩላቸው እህቶቻቸው ምን ሆኑ፣ እሱን ማንም አልጻፈም።

የማታውን ትምህርት ትቼዋለሁ። መምህርታችን ሰው ልከውብኝ ነበር፤ ሥራ በዝቶበታል በሉ አልኩ።

ምንም ብትጽፊ፣ ጻፊልኝ። ብትረግሚኝም ጻፊ። ባልሽ ሊገድለኝ ከፈለገ አድራሻዬን ያውቀዋል፤ አልሸሽም። ብቻ ዝም አትበይኝ።

መጋቢት 14

እታለም፣ እናቴ፣ ሁሉም ነገሬ፣

ደብዳቤሽ መጣ። ቦይለሩ ፊት ቀጥ ብዬ ቆሜ፣ ሠራተኛው ሁሉ ከብቦኝ፣ እንደ አዋጅ ጮክ ብዬ አነበብኩት። «ደህና ናት» የሚለው የመጀመሪያው መስመር ላይ ስደርስ ጋሽ መጋዘን ኮፍያቸውን አወለቁ። ራሰ በራ መሆናቸውን ያን ቀን ነው ያወቅነው።

ስለ ማንኪያው የጻፍሽውን ደጋግሜዋለሁ። «ግማሽ ማንኪያ ስላልክ፣ የአንተን ወሬ ግማሹን ለነፋስ እንደምተው ታውቃለህ፤ ይህኛውን ግን ስለ ልጄ ብዬ ከግማሽም አሳነስኩት፤ ጠብታ አደረግሁት» ብለሻል። እታለም፣ ዕድሜ ልኬን ስዋሽ ኖሬ ልጅቷን ያተረፋት ውሸታምነቴ ሆነ። እሱን እንዳልኮራበት ሌላውንም ጽፈሽልኛል፤ ስታስመልስ፣ አንገቷን ማቆም ሲያቅታት፣ አንቺ እሷን አቅፈሽ ጫማ ሳታደርጊ ወደ ድሬሰሩ ስትሮጪ፣ እሱ ምን እንደጠጣች ሲጠይቅሽና አንቺ «ለእንቅልፍ» ከማለት በቀር የምትዪው ስታጪ። ያንን ቦታ አንዴ ብቻ ነው የሰማሁት፤ ሁለተኛ አልችልም።

የካምፑ የሬዲዮ ልጅ የእኛን መልእክት ጽፎ ይዞ ድሬሰሩ በር ላይ መድረሱን ለጸሐፊዋ ነገርኳት። ድሬሰሩ ምን እንደጠጣች ያወቀው በዚያ ነው ስላት ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። መስኮቱ ያን ቀን ተዘግቶ ነበር፤ ሽታዬን ችላኝ ነው የተቀመጠችው።

አሁን ስለጠየቅሽኝ። አዎ፣ ወደ ማታው ትምህርት ተመልሻለሁ። ጠርሙሶቹ ላይ ያለውን ደቃቃ ጽሑፍ መምህርታችን ጥቁር ሰሌዳ ላይ በትልቁ ጽፈውልን ሁላችንም አነበብነው። «ከሕፃናት ይራቅ» ይላል መጨረሻው። እኔ አላነበብኩም፤ ከንፈሬን ብቻ አንቀሳቀስኩ።

«አሁንም ስትተኛ ትንፋሽዋን አዳምጣለሁ፤ አንተ ጨመርክብኝ እንጂ አልቀነስክልኝም» ላልሽው፣ ልክ ነሽ። እኔም እዚህ አዳምጣለሁ፤ አይሰማም እንጂ። ባልሽ በአንቺ ደብዳቤ ግርጌ የጨመረውን ስድብም ተቀብያለሁ። የእጅ ጽሑፉ ከእኔ የባሰ ነው፤ ይህን ንገሪልኝ። አይ፣ አትንገሪው።

ትራሱን አልጣልኩትም ስላልሽኝ አመሰግናለሁ።

አንድ ነገር ግን ላርም። ቦይለሩ ፊት ቆሜ አነበብኩት ያልኩት ፈጠራ ነው። የጋሽ መጋዘን ራስ እውነት ነው፤ ኮፍያቸውን ያወለቁት ግን ነገሩን በኋላ ስነግራቸው ነው። ፖስታውን ከተቀበልኩ ጀምሮ ሳልከፍተው ይዤው ዞርኩ። «ሞ» ብሎ የሚጀምር ቃል ካለ፣ ፊደል በፊደል እየመጣብኝ ቆሜ ልጠብቀው አልቻልኩም። መምህርታችን ቤት ሄድኩና በር ላይ ዘረጋሁላቸው። ምን ሆነህ ነው፣ ለምን አታነበውም አሉኝ።

«እኔ ማንበብ አልችልም» አልኳቸው።

ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ግን አልተከራከሩኝም፤ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡልኝ።

ወንድምሽ